ከአዝማቹ በፊት፦ ከፍ ባለ ድምፅ የሚዘፈኑ የጃፓን ፖፕ ዘፈኖችን ስለ መዝፈን

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት፣ ከጃፓን ፖፕ ዘፈኖች መካከል እጅግ ቀጭን በሆነ ድምፅ የሚዘፈኑትን ሰው ጉሮሮውን ሳይጎዳ እንዴት ሊዘፍናቸው እንደሚችል ነው። አብዛኞቻችሁ ከእነዚህ ዘፈኖች ጋር የተዋወቃችሁት በአኒሜ፣ ማለትም በጃፓን የካርቱን ፊልሞች፣ መክፈቻና መዝጊያ በኩል እንደሆነ እገምታለሁ፤ ወደ እኔ የሚመጣው ጥያቄም በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው፦ «አዝማቹ ጋ ስደርስ ድምፄ ይሰነጠቃል፤ ምን ላድርግ?» መልሴን ከወዲሁ ልስጥና የቀረውን ጊዜ እሱን ለማስረዳት ልጠቀምበት። አዝማቹ ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ከአዝማቹ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሐረጎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ልምምዱም ከዚያ መጀመር አለበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ «ከፍ ያለ ድምፅ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ። የአንድ አዋቂ ወንድ የድምፅ አውታሮች በተራ ንግግር ጊዜ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ፤ የሴት ደግሞ ወደ 200 ይጠጋሉ። ኦርኬስትራ መሣሪያዎቹን የሚቃኝበት ላ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሆን፣ የጃፓን ካራኦኬ ወዳጆች «ሃይ ኤ» ብለው ይጠሩታል። ከሃይ ኤ በታች ያለውን ኦክታቭ፣ ማለትም ርግብግቢቱ ግማሽ እስኪሆን የሚወርደውን ክልል፣ «ሚድ 2» ይሉታል፤ ከሃይ ኤ አንድ ኦክታቭ ሲወጣ ደግሞ «ሃይሃይ ኤ» ይሆናል። አንድ ዘፈን በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፁ በዚህ አጠራር ተለክቶ ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ልማድ ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ከፍተኛውን ድምፅ በሁለት ከፍለው መጻፋቸውን ነው፤ በደረት ድምፅ ማለትም በ«ጂጎኤ» የተዘፈነው ከፍታ ለብቻ፣ በስሱ የራስ ድምፅ ማለትም በ«ኡራጎኤ» የተዘፈነው ከፍታም ለብቻ ይቀመጣል። አንድ ዘፈን «እስከ ሃይ ሲ ይወጣል» ሲባል የሰማ ተማሪ፣ ያ ድምፅ በየትኛው መንገድ እንደተዘፈነ ሳይጠይቅ ልምምድ ከጀመረ በተሳሳተ በር መግባቱ አይቀርም።

ለወንዶች አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምር። አብዛኛው ወንድ ድምፁ የሚታወክበትና ከደረት ወደ ራስ መሻገር የሚጀምርበት ድንበር በሰከንድ ከ300 እስከ 370 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ዛሬ የምናነሣቸው የወንድ ዘፈኖች አዝማች ግን በአመዛኙ ከ390 በላይ ነው የሚመላለሰው። ይህም ማለት ዘፋኙ ከድንበሩ ማዶ የሚደርሰው አንዴ ዘልሎ ለመመለስ ሳይሆን፣ እዚያው ተቀምጦ ሙሉ አዝማች ለመዝፈን ነው።

ጃፓኖች ይህን ከፍታ የወደዱት ዛሬ አይደለም። በ1979 የወጣው የክሪስታል ኪንግ «ዳይቶካይ» ምንም መንደርደሪያ ሳይሰጥ በታናካ ማሳዩኪ የጮኸ ቀጭን ድምፅ ይከፈታል፤ ዘፈኑ ሁለት ድምፃውያን፣ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን፣ ስለሚቀባበሉበት የታናካ ከፍታ የባሰ ጎልቶ ይሰማል። በ1989 «ኩሬናይ» በነጠላ ሲወጣ ደግሞ፣ በኋላ ኤክስ ጃፓን የተባለው ቡድን ድምፃዊ ቶሺ፣ ለወንድ ቀርቶ ለብዙ ሴቶችም የሚከብድ ዜማ በፈጣን የሮክ ምት ላይ ተሸክሞ ታየ። በ1993 ሂሮሴ ኮሚ ራሷ የደረሰችውን «ሮማንስ ኖ ካሚሳማ» ዘፍና የበረዶው ወቅት ንግሥት ለመባል በቃች፤ በ1998 ደግሞ ሚሻ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኗን ፉጨት በሚመስል፣ ከተለመደው የሰው ድምፅ ክልል በላይ በሆነ ድምፅ ከፈተች። ከእነዚህ አንዱንም ለጀማሪ አልመክርም።

የዛሬውን የጃፓን ፖፕ ግን ከእነዚህ ቀደምት ዘፈኖች ይልቅ የሚያስረዳው አንድ ኮምፒውተር ነው ብል አላጋነንኩም። ሳፖሮ ከተማ የሚገኘው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ በነሐሴ 2007 ሃትሱኔ ሚኩ የተባለችውን የመዝፈኛ ሶፍትዌር ለሽያጭ አቀረበ። ድምፁ የተቀዳው ፉጂታ ሳኪ ከተባለች የድምፅ ተዋናይት ነው፤ ኩባንያው ራሱ የሚመክረው ክልልም ከሚድ 2 ኤ እስከ ሃይ ኢ ነበር። ደራሲዎቹ ግን ምክሩን የሚያከብሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ማሽን አይተነፍስም፣ ጉሮሮው አይደክምም፣ ከታችኛው ድምፅ ወደ ላይኛው ሲዘል አይሰነጠቅም። በ2008 ከሚኩ ታዋቂ ዘፈኖች አንዱ በደቂቃ 240 ምት እየተጓዘ ቃላትን ያለ ፋታ ሲያዘንብ፣ ሰዎች እንደ ቀልድ ሰምተውት ነበር፤ ዳሩ ግን በቤታቸው ሆነው ያንን የማሽን ዘፈን በሰው ጉሮሮ ለመዝፈን የሞከሩ ወጣቶች ተነሡ። ቪዲዮዎቻቸው ኒኮ ኒኮ ዶጋ በተባለው የጃፓን መድረክ ላይ እየተጫኑ ራሱን የቻለ የዘፋኞች ትውልድ አፈሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሃቺ በሚል ስም ለሚኩ ይጽፍ የነበረው ዮኔዙ ኬንሺ የራሱን ድምፅ ይዞ ወጣ። ዮአሶቢ የተባለው የሁለት ሰዎች ቡድን ዜማ ደራሲ አያሴም ከዚያው ሠፈር የመጣ ሲሆን፣ ኢኩራ የዘፈነችለት «ዮሩ ኒ ካኬሩ» የቢልቦርድ ጃፓን የ2020 የዓመቱ ቀዳሚ ዘፈን ሆኗል። በ2020 መጸው አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት «ኡሴዋ»ን ያወጣችው አዶም በእነዚያው ቪዲዮዎች ያደገች ናት። ስለዚህ «ይህ ዘፈን ለምን መተንፈሻ የለውም?» ብሎ የሚያማርር ተማሪ ሲገጥመኝ አማረሩን አልነቅፈውም፤ የዘፈኑ አጻጻፍ መጀመሪያውኑ ሳንባ ለሌለው ዘፋኝ የተለመደ ነውና። እዚህ ላይ መተንፈሻውን ዘፈኑ አይሰጥም፤ ዘፋኙ ራሱ ግጥሙ ላይ በእርሳስ ማስቀመጥ አለበት።

አሁን ወደ አካሉ እንምጣ። በማንቁርታችን ውስጥ ያሉትን ሁለት አውታሮች የሚያዝዙ ሁለት ዓይነት ጡንቻዎች አሉ። አንደኛው አውታሮቹን ያሳጥራቸዋል፣ ያወፍራቸዋልም፤ የንግግርና የደረት ድምፅ የሚገኘው እሱ ሲበረታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የማንቁርቱን ልም አጥንት ወደ ፊት በማዘንበል አውታሮቹን ይወጥራቸዋል፣ ያሳስሳቸዋልም። የክራር ክር ሲወጠር ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ፣ የኛም ድምፅ ወደ ላይ የሚወጣው በዚህ ሁለተኛ ጡንቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው የመጀመሪያው አልለቅም ሲል ነው። ዘፋኙ በደረት ድምፁ ጉልበት ወደ ላይ ሲገፋ ሁለቱ ጡንቻዎች ይጓተታሉ፤ አንገቱ ላይ የደም ሥር ይገተራል፣ አገጩ ወደ ፊት ይወጣል፣ በመጨረሻም ወፍራሙ ጡንቻ በድንገት ይለቅና ድምፁ ተሰብሮ ወደ ስሱ ይገለበጣል። ስንጥቅ የምንለው ይኸው ነው። ጃፓኖች «ሚክስ ቦይስ» እያሉ ብዙ የሚያወሩለት ድምፅም የተለየ ሥፍራ የሚገኝ ምስጢር አይደለም፤ የመጀመሪያው ጡንቻ በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ፣ ከታች ጀምሮ እንዲለቅ ማሠልጠን ማለት ነው።

«ከታች ጀምሮ» የሚለውን ቃል አሥምሩበት። የጃፓን ፖፕ ዘፈን በሦስት ክፍል ይዋቀራል፦ ዝግ ብሎ በዝቅታ የሚተርክ «ኤ ሜሎ»፣ ወደ ላይ የሚያሸጋግር «ቢ ሜሎ»፣ ከዚያም «ሳቢ» የሚሉት አዝማች። ኤ ሜሎው ዝቅ ያለ ስለሆነ ዘፋኙ በወፍራም ድምፁ ይዝናናል፤ ቢ ሜሎው ላይ ስሜቱ ሲግል ድምፁንም አብሮ ያገዝፈዋል፤ አዝማቹ ሲደርስ የድምፁ ክብደት በጣም በበዛበት ሰዓት በጣም ከፍ ያለውን ዜማ እንዲዘፍን ይጠየቃል። እንግዲህ ማድረግ ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው። በቢ ሜሎው ውስጥ ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ ሁሉ የድምፁን መጠን እየቀነሰ መሄድ፣ በመጨረሻው ሐረግ ላይ ለአድማጭ ሳይታወቅ ወደ ስሱ ድምፅ መዳረሻ ላይ መድረስ ይኖርበታል። አድማጩ አዝማቹ ፈነዳ ብሎ የሚያስበው ከበሮውና ጊታሩ ስለሚገቡ ጭምር ነው፤ ጉሮሮ ያንን ሁሉ ብቻውን መሸከም የለበትም።

ትንፋሽንም በሚመለከት የተለመደ ስሕተት አለ። ከፍ ያለው ሐረግ ሲቃረብ ሰው ደረቱን እስኪያሳብጥ ድረስ አየር ይስባል። ቀጭን ድምፅ ግን የተለየ ብዙ አየር አይፈልግም፤ ከልክ በላይ የሞላ ሳንባ በአውታሮቹ ሥር ግፊት ያበዛና ያንኑ ስንጥቅ ይጠራዋል። ለንግግር የምትስቡትን ያህል ወይም ትንሽ ጨምራችሁ ሳቡ፤ ጎድን አጥንታችሁ ወደ ጎን እንደተከፈተ እንዲቆይ አድርጉ፤ በቂ ነው።

ለምሳሌ የኪንግ ኑን «ሃኩጂትሱ» በቅርብ እንየው። ዘፈኑ በ2019 የወጣ ሲሆን፣ የቡድኑ ድምፃዊ ኢጉቺ ሳቶሩ በኪቦርድ ብቻ ታጅቦ በስስ የራስ ድምፅ ይከፍተዋል። ኢጉቺ በቶኪዮ የኪነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ትምህርት የተከታተለ ሰው ነው። ብዙ መምህራን ዘፈኑን ለጀማሪ አይመክሩትም፤ እኔ ግን ቢያንስ መክፈቻውን ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዱ አደርገዋለሁ፤ በዝግታና በለሆሳስ ስለሚዘፈን ለመግፋት የሚያመች ነገር የለውምና። የመጀመሪያው ቃል «ቶኪኒዋ» ነው። «ቶ» ላይ አፋችን ውስጡ ክፍት፣ ከንፈራችን ክብ ነው። ወዲያው «ኪ» እና «ኒ» ይከተላሉ፤ ኢ የሚለው አናባቢ ምላስን ወደ ላይ ሰቅሎ ከንፈርን ወደ ጎን ስለሚስብ ስሱ ድምፅ እዚያው ይጠብና ይነጣል። የሚረዳው ዘዴ ይህ ነው፦ ቃሉን በሙሉ መጀመሪያ በ«ኡ» ብቻ አራት ጊዜ ዝፈኑት፤ ከዚያ «ቶ-ቶ-ቶ-ቶ» በሉት፤ ቀጥላችሁ እውነተኛውን ቃል ስትሉ ምላሳችሁ ብቻ ይንቀሳቀስ እንጂ ከንፈራችሁ የ«ቶ»ን ቅርጽ አይልቀቅ። መስታወት ፊት ቆማችሁ ብትሠሩት «ኪ» ላይ ከንፈራችሁ ሊሸሽ ሲሞክር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። «ዋ» ላይ ሲደርስ ደግሞ አፍ ሲከፈት ድምፁ እንዳይገዝፍ ተጠንቀቁ፤ ኣ የሚለው አናባቢ የደረቱን ድምፅ የሚጠራ ነው።

በዚያው በ2019 የወጣው የኦፊሻል ሂጌ ዳንዲዝም «ፕሪቴንደር» የሚያስተምረው ሌላ ነው። የቡድኑ ድምፃዊ ፉጂሃራ ሳቶሺ አዝማቹን ከሃይ ኤ በላይ እየወጣ የሚዘፍነው የደረት ድምፅ በሚመስል ጠንካራ ቅላጼ ነው፤ ለጀማሪ ጆሮ ጩኸት ይመስላል። አዝማቹ «ጉባይ» በምትል ከእንግሊዝኛ በተወሰደች የስንብት ቃል ይከፈታል፤ «ባ» ጠብቃ ነው የምትነገረው። በጃፓንኛ የጠበቀ ተነባቢ ራሱን የቻለ የአንድ ምት ዝምታ አለው፤ ከንፈር ይገጠማል፣ ምቱ ያልፋል፣ ከዚያ ይከፈታል። አማርኛ ተናጋሪ ማጥበቅ ስለማይቸግረው ዝምታውን በቀላሉ ይይዘዋል፤ የሚቸግረው የምንጠብቅበት ኃይል ነው። እኛ ስናጠብቅ ከከንፈራችን ጀርባ አየር አጠራቅመን እናፈነዳለን፤ ያ ፍንዳታ አውታሮቹን ይበትናቸውና ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ሻካራ ሆኖ ይወጣል። በዝምታው ምት ላይ ትንፋሹን ጭምር አቁሙት። ከንፈር ሲከፈት ለ«መ» የሚከፈተውን ያህል ብቻ ይከፈት። ልምምዱን በ«ጉማይ» ጀምራችሁ፣ ሲመቻችሁ ወደ «ጉባይ» ተሻገሩ።

ከጩኸቱ ሠፈር ውጭ ያለውን የስፒትዝ ቡድን ድምፃዊ ኩሳኖ ማሳሙኔንም መርሳት የለብንም። በ1995 የወጣው «ሮቢንሰን» ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ዘፈን ሲሆን፣ የኩሳኖ ድምፅ ከፍ ሲልም የማውራት ያህል ቀለል ብሎ ስለሚሰማ ካራኦኬ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚችለው ይመስለዋል። መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን ማይክሮፎኑን ለጓደኛው ያቀብላል። ትምህርቱ የድምፅ መጠን ላይ ነው፤ ኩሳኖ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የድምፁን ክብደት አይለውጥም፤ ሲጀምርም ለከፍታው የሚሆነውን ቀላል ድምፅ ይዞ ነው የሚጀምረው። እኛ ዝቅ ባለው ክፍል ላይ በወፍራሙ ተዝናንተን ስለምንጀምር መንገዱ ይጠፋብናል።

ለልምምድ ፊደላችን ያለውን ጥቅም የምናገረው በአገር ኩራት ሳይሆን በየሳምንቱ ሲሠራ ስለማየው ነው። ጃፓኖች ሂራጋና በሚሉት ጽሕፈታቸው ከጥቂቶቹ በስተቀር እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ ይዞ አንድ ምት ይወስዳል፤ የኛም ፊደል እንዲሁ ስለሆነ ግጥሙን በላቲን ፊደል ከማጥናት በፊደል መገልበጥ ምቱን በዓይን ያሳያል። አናባቢዎቻቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ ከኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ጋር ይቀራረባሉ። ስለዚህ በግልባጫችሁ ውስጥ ግዕዝ ወይም ሳድስ ከገባ ተጠራጠሩ። በንግግር «ዴስ» ተብሎ የሚሰማው መዝጊያ በዘፈን ውስጥ ብዙ ጊዜ «ዴ-ሱ» ተብሎ ሁለት ኖታ ይይዛል፤ ከአኒሜ ንግግር የለመደ ሰው «ሱ»ን ሲውጣት ዜማው አንድ ኖታ ይጎድልበታል፣ ትንፋሹም ከምቱ ይቀድማል። ከዚህ ሕግ የምትወጣው «ን» ብቻ ናት። ያለ አናባቢ ብቻዋን ምት ታገኛለች፤ በአፍንጫ ስለምትዘፈንም ከፍ ባለ ቦታ ላይ ለጉሮሮ ማረፊያ ትሆናለች። በሌላ በኩል ፊደላችን የማያሳያቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ጥብቀት፣ ሌላው የአናባቢ ርዝመት። ለሚጠብቀው ከፊደሉ በላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ፤ ለሚረዝመው ጭረት ጨምሩ። በተለይ ርዝመቱን አደራ፤ አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ቃል ስለማይለይ ጆሯችን ይዘለዋል፣ ባጠረው አናባቢ ምክንያት የተረፈውን ጊዜም ሳናውቀው በጩኸት እንሞላዋለን።

ቅኝትን በተመለከተ አንድ ቃል ልጨምር። ጃፓኖች ዮናኑኪ የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ይህም ከትዝታ ጋር ድምፅ በድምፅ አንድ ነው። ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ጥንታዊ ቅኝታቸውም ከአምባሰል ጋር ድምፆቹን ይጋራል። በዚህ ምክንያት የኛ ዘፋኝ የቆዩ የጃፓን ዜማዎችን ሲሰማ ባዕድነት አይሰማውም፣ ወዲያውም ድምፁን ማርገብገብና ማንቆርቆር ይጀምራል። ኤንካ ለተባለው የቆየ ስልታቸው ይህ ቢያምርበትም፣ ዛሬ የምንናገርላቸው ዘፈኖች ግን ከፍ ያለውን ድምፅ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ቢያርገበግቡም በመጨረሻው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጉሮሮ በውጥረት ላይ እያለ የሚጨመር ጌጥ ሸክም ነው። መጀመሪያ ቀጥ ያለውን ዝፈኑ፤ ጌጡ በኋላ ይደርሳል።

አሁን አንዳንዶች እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩትን ጉዳይ ላንሣ፤ እሱም ቁልፍ ማውረድ፣ ማለትም ዘፈኑን በሙሉ ወደ ዝቅተኛ ከፍታ ማዛወር ነው። የካራኦኬ ማሽን የኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ በሆነው ግማሽ ድምፅ እየቆጠረ ዘፈኑን ዝቅና ከፍ ያደርጋል፤ ዘፋኙ በቀዳበት ቁልፍ መዝፈን ግን በወጣቶች ዘንድ የክብር ጉዳይ ሆኗል። የካራኦኬን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ አስገራሚ ነው። በ1971 በኮቤ ከተማ ከመጀመሪያዎቹ የካራኦኬ ማሽኖች አንዱን የሠራው ኢኖዌ ዳይሱኬ በየመጠጥ ቤቱ ደንበኞችን በሙዚቃ የሚያጅብ ሰው ነበር። የሐሳቡ መነሻም እንደሚተረከው፣ አንድ የኩባንያ ኃላፊ ለሽርሽር ሲሄድ አብሮት እንዲሄድ ጠይቆት፣ ኢኖዌ መሄድ ስላልቻለ ለሰውየው ድምፅ የሚስማማ አጃቢ ሙዚቃ በቴፕ ቀድቶ መስጠቱ ነው። ማሽኑ የተወለደው ሙዚቃን ለዘፋኙ ለማስማማት እንጂ ዘፋኙን ለማስጨነቅ አልነበረም። ኢኖዌ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አላወጣም፤ በ2004 ግን ኢግ ኖቤል የተባለውን የቀልድ ሽልማት ወስዷል፣ የተሰጠውም ለሰላም ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። አዝማቹን ብቻ ያለ ሙዚቃ በምቹ ከፍታ ዝፈኑ፤ ከዚያ ያ ከፍታ ከዋናው ቁልፍ በስንት ግማሽ ድምፅ እንደሚያንስ ፈልጉ። ለብዙ ወንዶች ከ3 እስከ 5 ይሆናል። ዘፈኑን በዚያ ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ከያዛችሁት በኋላ አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ አድርጉ፤ አንድ ሳምንት ያለ ድካም ካልዘፈናችሁበት ሌላ አትጨምሩ። አንድ ኦክታቭ ሙሉ ማውረድን ግን አልደግፍም፤ ኤ ሜሎው ከጉሮሮ በታች ይወድቅና ዘፈኑ ማጉረምረም ይሆናል። ሴቶች በተቃራኒው እንደ «ፕሪቴንደር» ያሉ የወንድ ዘፈኖችን በዋናው ቁልፍ ቢሞክሩ ብዙ ጊዜ ከሴት ዘፈኖች ይልቅ ይመቿቸዋል። ማሽኑ ለአዘፋፈናችሁ የሚሰጠውን ነጥብ ደግሞ በልኩ እመኑ፤ በዋናነት የሚለካው ዜማውን መምታታችሁን ስለሆነ፣ አንገታችሁን አንቃችሁ ያገኛችሁትን ድምፅና በቀላሉ ያገኛችሁትን ድምፅ አይለይላችሁም።

ጉሮሮን ስለ መጠበቅ የምናገረው አጭር ነው። ከልምምድ በፊት አምስት ደቂቃ በቀጭን ስትሮ ውስጥ እየነፋችሁ ከዝቅታ ወደ ከፍታ በማንሸራተት አሙቁ፤ የአፍ መጥበብ የሚፈጥረው የመልስ ግፊት አውታሮቹ ሳይጋጩ በቀላሉ እንዲገናኙ ይረዳቸዋል። በማር የተበጠበጠ ዝንጅብል ደስ ይላል፤ ነገር ግን የምንውጠው ነገር በምግብ ቧንቧ ስለሚወርድ አውታሮቹን አይነካም፤ የሚደርሳቸው የምንተነፍሰው እንፋሎት ነው። ውኃ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ጠጡ። ድምፅ ሲዘጋ በሹክሹክታ ማውራት አያሳርፍም፤ ዝም ማለት ነው የሚያሳርፈው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልለቀቀ መጎርነን ካለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ባለሙያም ከዚህ አያመልጥም፤ ፉጂሃራ ራሱ በ2023 የድምፅ አውታሩ ላይ ፖሊፕ የተባለ እባጭ ተገኝቶበት የመድረክ ሥራውን ለጊዜው ለማቋረጥ ተገዷል። የ«ዳይቶካይ»ው ታናካም በቤዝቦል ጨዋታ ላይ ጉሮሮውን ኳስ መትቶት ያንን ዝነኛ ከፍታውን አጥቷል።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁለቱን በጽሑፉ ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንዲት ወጣት፣ አዶ በዘፈኖቿ መካከል የምታሰማውን የጉርምርምታና የሻካራ ድምፅ እንዴት መማር እንደምትችል ጠይቃኛለች። እሱን የምታቆዩት ዘፈኑን በንጹሕ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተከታታይ ጊዜ ሳትደክሙ መዝፈን እስክትችሉ ነው፤ ከዚያም ቢሆን አንድ መምህር አጠገባችሁ ሆኖ እየሰማ ይሁን። በትክክል ሲሠራ ሻካራው ድምፅ የሚመነጨው ከእውነተኞቹ አውታሮች በላይ ካለው ሥፍራ ስለሆነ ሕመም የለውም፤ ካሳከካችሁ ወይም ካሳላችሁ በተሳሳተ ቦታ እየሠራችሁ ነውና ወዲያው አቁሙ።

ሁለተኛው ጠያቂ ወፍራም ድምፅ ያለው ወጣት ነበር፤ በየትኛው ዘፈን ልጀምር ነው ያለኝ። «ሮቢንሰን»ን ቁልፉን በ4 ግማሽ ድምፅ አውርደህ ጀምር፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ቀላል ድምፅ መያዝን ታገኝበታለህ። ከሱ ጎን ለጎን የ«ሃኩጂትሱ»ን መክፈቻ ብቻ በለሆሳስ አጥና፤ ቀጥሎ ያለውን ለጊዜው ተወው። ሁለቱ ሲደላደሉ የ«ፕሪቴንደር»ን ቢ ሜሎ ከነአዝማቹ መጀመሪያ እየደጋገምክ ሥራ፤ ሙሉ ዘፈኑን ግን በአንድ ልምምድ ከሦስት ጊዜ በላይ አትዝፈን። በማግስቱ ጠዋት የንግግር ድምፅህ ከወትሮው ወርዶ ወይም ሻክሮ ካገኘኸው ያን ቀን አትለማመድ፤ ቁልፉንም አንድ ግማሽ ድምፅ መልሰህ አውርደው። «ኩሬናይ»ን ለሚመጣው ዓመት አቆየው።